«ጆሮ ዳባ ልበስ» የተባለችው ልጅ የት ትማር?

ጥያቄው፦ «ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል ትማራለች። ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ቀኝ ጆሮዋ ይመግላል። ይደርቃል፣ ጉንፋን ሲይዛት ይመለሳል። ዘንድሮ ቲቸሯ አስጠርታኝ ‹ስጠራት አትመልስም፤ የቃል ጽሕፈት ከሃያው አራት እንኳ አታመጣም። ሃምሳ ሁለት ልጅ ይዤ ለእሷ ብቻ ስጮህ መዋል አልችልም፤ መስማት የተሳናቸው የሚማሩበት ውሰጂያት› አለችኝ። ቤት ግን ቴሌቪዥን ታያለች፤ ከወንድሟ ጋር ስትጣላ አንድ ቃል አያመልጣትም። አባቷ ‹ሆን ብላ ነው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ነው› ይላል። ግራ ገብቶኛል። የት ላስገባት?»

እህቴ፣ መልሴን ከመጨረሻው ልጀምር፦ ለጊዜው የትም አያስገቧት። ባለችበት ትቆይ። መልቀቂያ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ።

«የት ትማር» ለሚለው ጥያቄ ተራው ገና ነው። ከእሱ በፊት «ምን ያህል ትሰማለች? በየትኛው ጆሮዋ? ምን ዓይነት ቦታ ላይ?» የሚሉት ይቀድማሉ፤ ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት እነዚህን እስከ ዛሬ የለካላት ሰው የለም። መምህርቷ በግምት ፈርደዋል፤ አባቷም እንደዚያው። የሚገርመው ሁለቱም ያዩት ነገር ትክክል ነው። ክፍል ውስጥ አትሰማም፣ ቤት ውስጥ ትሰማለች። የሳቱት ከዚያ ተነሥተው የደረሱበትን ድምዳሜ ነው።

እኔ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉ ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ መሥራት ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ እንደ ልጅዎ ያለች ልጅ ያላጋጠመችኝ ዓመት የለም። አብዛኞቹ ወደ እኔ የሚላኩት ግን «መስማት አቃታት» ተብለው አይደለም። «ሰነፍ ናት»፣ «ሐሳቧ ይበተናል»፣ «ልግመኛ ናት» ተብለው ነው። የልጅዎ መምህርት ቢያንስ ጆሮዋን ጠርጥረዋል፤ ለዚህስ ሊመሰገኑ ይገባል።

መስማት እንደ አምፖል ወይ በርቶ ወይ ጠፍቶ የሚገኝ ነገር አይደለም። ጣቢያው በደንብ ያልተያዘ ሬዲዮ ያስቡ፦ ዜናው ይሰማል፣ መሃል ላይ ይንሿሿል፣ አንድ ስም ያመልጥዎታል፣ ጠጋ ሲሉ ደግሞ ይጠራል። ለዓመታት ሲመግል የኖረ ጆሮ ብዙውን ጊዜ ታምቡሩ ተበስቶ ይገኛል። ድምፅ የሚያሻግረው ያ ስስ ቆዳ ሲቀደድ ወይም ከጀርባው ፈሳሽ ሲቋጠር፣ የሚደርሳት ድምፅ ደክሞ ይደርሳታል። በዚህ መንገድ የሚመጣ የመስማት ጉዳት በአብዛኛው ከቀላል እስከ መካከለኛ ነው፤ ጨርሶ አለመስማት አይደለም። በዚያ ላይ ይለዋወጣል፤ ጆሮው ሲደርቅ ይሻላታል፣ ጉንፋን ሲይዛት ይብስባታል። ማክሰኞ ቶሎ የመለሰች ልጅ ሐሙስ ዝም ስትል ያየ መምህር «ስትፈልግ ትሰማለች» ቢል አይፈረድበትም።

አሁን ቤትዎንና ክፍሉን ያስተያዩ። ወንድሟ ሲያናድዳት አንድ ሜትር እንኳ አይርቃትም፤ ፊቱ ፊቷ ላይ ነው፤ ምን እንደሚል ገና አፉን ሳይከፍት ታውቀዋለች። ቴሌቪዥኑም ከድምፁ ጋር ሥዕል አለው። ድምፅ ግን ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ይደክማል፤ ሁለት ሜትር ላይ ካለው ልጅ ይልቅ ስምንት ሜትር ላይ ያለው 12 ዴሲቤል የደከመ ድምፅ ይደርሰዋል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ጥቂት ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን ጫጫታውንም ጨምሮ ነው። አንድ ልጅ ትምህርቱን ያለ ድካም እንዲከታተል የመምህሩ ድምፅ ከክፍሉ ጫጫታ 15 ዴሲቤል ያህል እንዲበልጥ ይመከራል። በከተማችን መሃል ይህን የሚያሟላ ክፍል ካለ አሳዩኝ። ባለፈው ዓመት መንገድ ዳር ባለ ትምህርት ቤት የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጬ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስከታተል ከመምህሩ ማብራሪያ ይልቅ የታክሲ ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!» ጎልቶ ይደርሰኝ ነበር። የእኔ ጆሮ ደግሞ ጤነኛ ነው።

ምናልባት ሌላም ነገር አስተውለው ይሆናል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትነጫነጫለች? ቦርሳዋን ጥላ ትተኛለች? ጎደሎ ድምፅ ይዞ የቀረውን በግምት እየሞሉ መዋል ያደክማል። እንዲህ ያሉ ልጆች ደግሞ አንድ ጥበብ ይማራሉ፤ ያልሰሙትን ሁሉ «እሺ» ይሉታል። «ገባሽ?» ተብላ «አዎ» ያለች ልጅ ገባት ማለት አይደለም። «ምን አልኩሽ? እስቲ ንገሪኝ» ብለው ይጠይቋት።

አሁን የአማርኛ ደብተሯን ያምጡና ይዘርጉት። ሁለት ዓይነት ገጽ ይፈልጉ፦ ከሰሌዳ የገለበጠችውንና መምህርቷ በቃል እያሉ የጻፈችውን። ጎን ለጎን ያድርጓቸው።

አንዲት የ2ኛ ክፍል ልጅ ደብተር አይቼ አልረሳውም። የገለበጠችው ገጽ ንጹሕ ነው፤ ፊደሏ ክብ ክብ ያለ፣ አራት ነጥቡ እንኳ ያልጎደለ። የቃል ጽሕፈቱ ገጽ ግን በቀይ እስክሪብቶ ተጥለቅልቋል። መምህሩ «ውሻው ልጁን ነከሰ» ብለዋል፤ እሷ «ውሻው ልጁ ነከሰ» ብላ ጽፋለች። «እናቴ ገበያ ሄደች» ሲሏት «እናቴ ገበያ ሄደ»። «ቤታችንን ጠረግን» ሲሏት «ቤታችን ጠረግ»። ከእናቷ ጋር ተቀምጠን አንድ በአንድ ቆጠርን፤ ከስህተቱ አብዛኛው የቃሉ ጅራት ላይ ነው። መጀመሪያውና መሃሉ ደኅና ነው። ግርጌ ላይ «ሰዋስው አጥኚ» የሚል ማሳሰቢያ ተጽፎላታል።

አማርኛ ብዙ ሥራውን የሚሠራው በጅራቱ ነው። ማን ነከሰ፣ ማን ተነከሰ የሚለውን የምትለይልን አንዲት «ን» ናት፤ የሄደው ወንድ ይሁን ሴት የምትነግረን አንዲት «ች» ናት። እነዚህን ደግሞ ትንፋሻችን ወደ ማለቁ ሲቃረብ ነው ዋጥ የምናደርጋቸው። «ች»፣ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» ቀጭን፣ ትንፋሽ የበዛባቸው ድምፆች ስለሆኑ ክፍሉ ሲንጫጫ ቀድመው ይሰወራሉ፤ «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ» ፈንድተው ስለሚወጡ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ያቺ ልጅ ሰዋስው ቢጠፋባት ኖሮ ስታወራም «እናቴ ሄደ» ትል ነበር፤ ስታወራ አንድም ቀን አላለችም። ያልደረሳትን ፊደል ነው ያልጻፈችው።

ስትቆጥሩ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወይም ሰ እና ሠን ብትቀያይር አይቁጠሩባት። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ የጆሮ ስህተት ሊሆን አይችልም፤ ለነገሩ እኛ አዋቂዎቹስ መች አስተካክለን እንጽፋቸዋለን። በተቃራኒው ከሰሌዳ የገለበጠችውም ገጽ ተበላሽቶ ካገኙት፣ መስመር የዘለለ ወይም «ሉ» እና «ሊ» የተቀያየሩበት ከሆነ፣ ዓይኗንም ያስመርምሩ። ሁለቱም ገጽ ደኅና ሆኖ፣ ራሷ የጻፈችውን መልሳ ማንበብ ካቃታት ደግሞ ጉዳዩ የንባብ ችግር ነው፤ መንገዱም ሌላ ነው።

ከዚያ አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ራስዎ ያጽፏት። አሥር አጫጭር ዓረፍተ ነገር ያዘጋጁ። አምስቱን ፊት ለፊቷ ተቀምጠው፣ አምስቱን ከጀርባዋ ሦስት ሜትር ያህል ርቀው፣ ድምፅዎን ሳይጨምሩም ሳይቀንሱም ያንብቡላት። ይህ ምርመራ አይደለም፣ የሐኪምን ቦታም አይተካም። ነገር ግን ልግም ፊት ለፊትና ከኋላ አይመርጥም። ፊት ለፊት አምስቱንም አስተካክላ፣ ከኋላ የተነበበላትን ሦስቱን ጅራታቸውን ከቆረጠች፣ አባቷ ያኔ አጠገብዎ ተቀምጠው ቢያዩት መልካም ነው። የእኔ ማብራሪያ የማያሳምናቸውን አባቶች ይህ ወረቀት ሲያሳምናቸው አይቻለሁ።

ስለ ሕክምናው አጭር ልሁን፤ ሙያዬ አይደለምና። ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ ካለዎት ያለ ሪፈር ሆስፒታል መሄዱ ያስቸግርዎታል። ከዚያ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ነው። ለሰፈርዎ ቅርቡ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ነው፤ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስም አሉ። እዚያ ሁለት ነገር ለይተው ይጠይቁ። አንዱ መግሉ እንዲታከም ነው። ከ14 ቀን በላይ የሚፈስ ጆሮ ሥር የሰደደ ይባላል፤ ሕክምናው በዋናነት ጆሮውን በንጹሕ ነገር እያደረቁ ሐኪሙ የሚያዘውን ጠብታ መጠቀም ነው፤ ከመድኃኒት ቤት ራስዎ ገዝተው የሚሰጧት አሞክሳሲሊን አይደለም። ሌላው የመስማት ልኬት፣ ኦዲዮሜትሪ የሚባለው ነው። ብዙ ወላጅ ጠብታውን ይዞ ደስ ብሎት ይመለስና ልኬቱን ይረሳዋል፤ ትምህርት ቤት ይዘውት የሚሄዱት ግን እሱን ነው።

ጤና አዳምም ሆነ የሞቀ ዘይት ጆሮዋ ውስጥ አይጨምሩ፤ ኩክ ለማውጣት ብለው የክብሪት እንጨት አይስደዱ። ጠበል አይውሰዷት አልልም፤ እኔም ቤት ጠበል አለ። ታምቡሩ የተበሳ ጆሮ ውስጥ ግን የትኛውም ውኃ ባይገባ ነው የሚሻለው፤ ስትጠመቅም ሆነ ፀጉሯን ሲያጥቧት ጥጥ ቫዝሊን ቀብተው የጆሮዋን በር ይሸፍኑላት። ከጆሮዋ ጀርባ አብጦ ካመማት፣ ወይም ከመግሉ ጋር ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት ከመጣ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

የሚሰጥዎት ወረቀት ኦዲዮግራም ይባላል። ቀይ ክቡ ቀኝ ጆሮ፣ ሰማያዊው «ኤክስ» ግራ ጆሮ ነው፤ ምልክቱ ወደ ታች በወረደ መጠን መስማቷ ቀንሷል ማለት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል ከ20 ዴሲቤል በታች ጤናማ፣ ከ20 እስከ 35 ቀላል፣ ከ35 እስከ 50 መካከለኛ፣ ከ50 እስከ 65 ከመካከለኛ ከፍ ያለ፣ ከ65 እስከ 80 ከባድ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ሹክሹክታ 30፣ ቀረብ ብለው የሚያወሩት ተራ ወሬ 60 አካባቢ መሆኑን ካወቁ ቁጥሩ ትርጉም ይሰጥዎታል። «ቀላል» የሚለው ስም ግን አያዘናጋዎ። ቀላል የተባለው ለአዋቂ ነው፤ ቃሉን አስቀድሞ ስለሚያውቀው የጎደለውን ይሞላል። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ግን «ትነት» እና «ጥግግት» የሚሉትን ቃላት ገና መጀመሪያ የምትሰማቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ የማታውቀውን ቃል በምን ትሞላዋለች?

ግራ ጆሮዋ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ጉዳዩ አያልቅም። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ሰው ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት ይቸግረዋል፤ ጫጫታ ውስጥም ቶሎ ይጠፋበታል። ሐኪሙ የመስሚያ መሣሪያ ካዘዘ ጥሩ፤ ብዙውን ጊዜ ግን አስቀድሞ ጆሮው መድረቅ አለበት።

እስከዚያ ልጅቷ በየቀኑ ክፍል ትገባለች፤ ስለዚህ ወደ ወንበሯ እንምጣ።

ሁሉም የሚያውቀው ምክር «ፊት ትቀመጥ» የሚለው ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ ግራ ጆሮው ደኅና፣ ቀኙ የማይሰማ። የመጀመሪያው ዴስክ ላይ፣ በግራ በኩል ካለው መስኮት ሥር አስቀመጥኩትና ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ሄድኩ። ከአንድ ወር በኋላ ስመለስ ውጤቱ ወርዷል። አጠገቡ ጠብበን ተቀምጠን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አብሬው ዋልኩ። ደኅናው ጆሮው ወደ መስኮቱና ወደ መኪናው መንገድ ዞሯል፤ የማይሰማው ወደ ክፍሉ። መምህሩ መስኮቱን ተደግፈው ማስተማር ስለሚወዱ ብርሃኑ ከኋላቸው ነው፤ ፊታቸው ጥላ ሆኖ ከንፈራቸው አይታይም። ከኋላው አንድ ልጅ መልሶ ክፍሉ በሳቅ ሲፈነዳ እሱ ማን እንደመለሰ፣ ምን እንደተባለ አያውቅም፤ ግን አብሮ ይስቃል። ከክፍሉ ሁሉ የከፋውን ቦታ መርጬ ነበር የሰጠሁት። ያን አብሮ የሳቀውን ሳቅ ዛሬም ባስታወስኩት ቁጥር አፍራለሁ።

ለልጅዎ እንግዲህ፣ ልኬቱ የተጎዳው ቀኝ ጆሮዋ ብቻ መሆኑን ካረጋገጠ፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ፊቷን ወደ ሰሌዳው ስታደርግ በቀኝ እጇ በኩል ካለው ግድግዳ አጠገብ ትቀመጥ። ያኔ ግራ ጆሮዋ መምህርቷንና ክፍሉን ያገኛል፤ ትንሽ ዞር ስትል ደግሞ የምትመልሰውን ልጅ ፊት ታያለች። መንገዱም በቀኝ በኩል ከሆነ እሰየው፣ ጫጫታውን ደካማው ጆሮ ይቀበለው። የመስኮቱ ብርሃን የመምህርቷ ፊት ላይ ማረፉን ግን ቆመው ይዩ።

መምህርቷ «ለእሷ ብቻ ስጮህ መዋል አልችልም» ማለታቸው እውነት ነው። መጮህም የለባቸውም። ጩኸት የሚያጎላው «አ»ን እና «ኦ»ን ነው፤ «ች» እና «ስ» ያው እንደደከሙ ይቀራሉ፣ ፊትም ይኮሳተራል። የሚፈለገው ሌላ ነው፦ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲጽፉ ንግግሩን ማቆም፤ ጥያቄ ከመጠየቃቸው በፊት ስሟን መጥራት፤ ሌላ ልጅ ሲመልስ መልሱን ራሳቸው መድገም፤ የቤት ሥራውን ገጽ ቁጥር በአፍ ብቻ ሳይሆን ሰሌዳው ጥግ ላይ መጻፍ። የቃል ጽሕፈት ሲያጽፉ ደግሞ ቆመው፣ ፊታቸው እየታየ፣ የዓረፍተ ነገሩን ጅራት ሳይውጡ ማንበብ። ከእነዚህ አንዱም ሌሎቹን ሃምሳ አንድ ልጆች አይጎዳም። ጉንፋን የያዘው ይጠቀማል፤ ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ እየተናገረ አድጎ አማርኛን ክፍል ውስጥ የሚለምደውም ይጠቀማል። እኔ የማከብራቸው ጥሩ መምህራን ይህን የሚያደርጉት ማንም ሳይነግራቸው ነው።

ሲያነጋግሯቸው ግን አደራ፣ በሰልፍ ሰዓት በር ላይ ይዘው አያቁሟቸው። ክፍለ ጊዜ የሌላቸው መቼ እንደሆነ ጠይቀው ይሂዱ። ደብተሩን፣ ማታ ያጻፏትን ወረቀት፣ ሲደርስዎ ደግሞ ኦዲዮግራሙን ይያዙ። «ልጄን ለምን ታባርሪብኛለሽ» ብለው ከጀመሩ ነገሩ ጭቅጭቅ ይሆናል፤ «ቲቸር፣ እርስዎ የጠረጠሩት ልክ ነበር፤ እስቲ ይህን አብረን እንየው» ካሉ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። ከላይ ያልኩትን በግማሽ ገጽ ጽፈው፣ በሐኪሙ ወረቀት ላይ አያይዘው በልጅቷ ማኅደር ውስጥ እንዲቀመጥ ለርዕሰ መምህሩ ይስጡ። የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ሲመጣ ማኅደሯ ባዶ ከሆነ፣ መመሪያ በአፍ በሚነገርበት አዳራሽ የት መቀመጥ እንዳለባት የሚናገርላት ወረቀት አይኖራትም።

ከተማው ውስጥ የአካቶ ትምህርት (ጉዳት ያለበትን ልጅ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክፍል ማስተማር) ድጋፍ መስጫ ማዕከል ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ አሠራራቸው ማዕከሉ በአቅራቢያው ላሉ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም እንዲያገለግል ነው። በእርስዎ በኩል የትኛው እንደሆነ የክፍለ ከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ የልዩ ፍላጎት መምህር መጥቶ ክፍሏን እንዲያይላት በጽሑፍ ያመልክቱ።

ሕጉም አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላ አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አንድ ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት መገለል እንደሌለበት፣ እንደ ፍላጎቱም ተመጣጣኝ ማመቻቸት ሊደረግለት እንደሚገባ ይናገራል። ይህን ኪስዎ ውስጥ ይያዙት፤ በር ላይ ግን ቀድመው አያውጡት። ርዕሰ መምህሩ «አንቀበልም» ያሉ ዕለት ያወጡታል።

«መስማት የተሳናቸው የሚማሩበት ውሰጂያት» ስለተባለውም ልናገር፤ እዚህ ላይ ከአንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም። ልዩ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይዘጉና ሁሉም ልጅ አንድ ክፍል ይግባ የሚሉ አሉ። ምልክት ቋንቋ በማይታወቅበት ክፍል፣ ከሃምሳ ሰሚ ልጆች መሃል የተቀመጠ መስማት የተሳነው ልጅ ስሙ መዝገብ ላይ ስላለ ብቻ ተካቷል ማለት ይከብደኛል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው ሰው የለውም። አንቀጽ 24 ራሱ መስማት የተሳናቸው ልጆች ለእነሱ በሚስማማው ቋንቋና የተሻለ በሚያድጉበት አካባቢ እንዲማሩ ያዛል። መካኒሳ ያለውን ዓይነት ትምህርት ቤት ገብቶ ያየ ሰው እዚያ ዝምታ እንደሌለ ያውቃል። ልጆቹ በጣታቸው ይቀልዳሉ፣ ይሟገታሉ፣ ይሳደባሉም። የእኛ የጣት ፊደል ራሱ የሚደንቅ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ አለው፣ ግዕዝ ካዕብ ሳልስ እያለ እስከ ሳብዕ ያለውን ሰባቱን ደግሞ እጁን በማንቀሳቀስ ይለያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል፤ ለእርስዎ ቅርብ ነው፣ ስድስት ኪሎ።

ስለዚህ ያ ትምህርት ቤት ቅጣት አይደለም፤ «እዚያ ትጣላለች» ብለውም አይፍሩት። ነገር ግን የተሠራው ቋንቋው እጅ ለሆነ ልጅ ነው። ልጅዎ በአማርኛ እየተከራከረች፣ ከወንድሟ ጋር እየተሰዳደበች ያደገች ናት። ዛሬ ወስደው ቢያስገቧት የማታውቀው ቋንቋ መሃል እንግዳ ሆና ትቀመጣለች፤ ክፍሏ ውስጥ ያጣችውን እዚያም አታገኘውም። ልኬቱ በሁለቱም ጆሮዎቿ ከባድ ወይም እጅግ ከባድ ጉዳት ካሳየ፣ ወይም ከዓመት ዓመት እየወረደ ከሄደ ግን ሐሳቤን እለውጣለሁ፤ ያኔ ምልክት ቋንቋ ሳይዘገይ ቢጀመር ይሻላል። «ምልክት ከለመደች መናገር ትተዋለች» የሚሉዎትን አይስሟቸው።

አባቷን አይዟቸው ይበሉልኝ። ልጃቸውን በክፋት አልጠረጠሩም፤ ከቅርብ ስትሰማ ስለሚያዩ ነው። «ጆሮ ዳባ ልበስ» የሚለውን ግን ለጊዜው ቤት ውስጥ ባይሉት። ልጅቷ ራሷ ስለ ጆሮዋ ምን እንደምታስብ ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? እኔ ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ «ሁሉም ሰው እንደዚህ የሚሰማ መስሎኝ» የሚል ነው።

ኦዲዮግራሙ ሲደርስዎ በ500፣ በ1000፣ በ2000 እና በ4000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ላይ የሁለቱንም ጆሮ ቁጥር ጽፈው ይላኩልኝ። ስሟንና የትምህርት ቤቷን ስም አይጻፉ፤ አያስፈልገኝም። የደብተሯን ሁለት ገጽ ፎቶ ካያያዙልኝ ደግሞ የጎደሉትን «ን» እና «ች» አብረን እንቆጥራለን።